ጥላ ያረፈበት ማስጫ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? የሱራባያ ከተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ? እኛ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን።

በስልክ "ሰፈሩ ይጫወታል?" እያልክ የምትጠይቀኝን ዛሬ በደንብ ልመልስልህ። ይጫወታል! ለነጻነት በዓል መጥተህ የእናታችን የሩዝ ማስጫ ሲሚንቶ ላይ መረብ ስትወጥር፣ ነጭ መስመር ስትቀባ፣ ሰዉ ባድሜንተን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነበር። አሁን ረቡዕ የሴቶች ነው፣ ዓርብ ከስግደት በኋላ የሽማግሌዎች፣ የቀረው ቀን የሁሉም። አዋላጇ ሱሚያቲ እንኳ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ "ዛሬ ሁላችሁንም ሳላስምጥ አልገባም!" እያለች ትፎክራለች።

ነፋሱ ባለ ላባዋን ኳስ እየወሰደ ሲያስቸግር፣ የሰፈሩ ኃላፊ ጋሽ ዋርሲቶ ሰው አስከትሎ ቤታችን መጣ። ማስጫው ላይ ጣሪያ ይሠራ ተባለ። እናታችን ሻይ አቅርባ ዝም አለች። እንግዳ ፊት እንቢ ማለት ነውር ስለሆነባት ዝምታዋ እንቢታ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ጋሽ ዋርሲቶ ግን "እንግዲህ የበኩር ልጇ ይጠየቅ" ብሎ ደወለልህ። አንተም እሷን አገናኙኝ እንኳ ሳትል "ደስ ይለኛል! ስሜን ብቻ ጻፉልኝ" ብለህ ሳቅክ። ጣሪያው ተሠራ፣ ስምህም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፣ እንኳን ደስ አለህ።

ጣሪያ ሥር ሩዝ አይደርቅም፣ ወንድም ጋሼ። ይህን ለገበሬ ልጅ መንገር ነበረብን? እናታችን አዝመራዋን አስፋልት ዳር አሰጣችው። ሞተር ብስክሌት ሄደበት፣ በሦስተኛው ቀን ዝናብ ደረሰበት። ግማሹ በቀለ፣ ግማሹ ሻገተ። ለዘር የሚቀመጠውም እዚያው ውስጥ ነበር። ሱሚያቲ ደንግጣ "ውይ እማማ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩን?" ስትላት፣ "ተጫወቱ ልጆቼ፣ ተጫወቱ" ብቻ አለቻት።

አንተን ብቻ ብወቅስ ግን ውሸታም እሆናለሁ። እነ ጋሽ ዋርሲቶ የመጡ ቀን የሻይ ትሪውን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝምታዋ ምን እንደሆነ ልነግራቸው እችል ነበር፣ አልነገርኳቸውም። ጣሪያውን እኔም ፈልጌዋለሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ሰው ስሜን ጠርቶ ሲያጨበጭብልኝ የሰማሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። አፈርኩ፣ ግን አልተውኩም።

ባለፈው እሑድ ከላይኛው ሰፈር ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበረን። እኔና ሱሚያቲ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረን፣ እናታችን ሩዝ የምትገላብጥበትን እንጨት ይዛ ሜዳው መሃል ገባች። ባዶውን ሲሚንቶ ከዳር እስከ ዳር ትገፋው ጀመር፣ ረድፍ እያወጣች፣ እየመለሰች። ሰዉ የምትጠርግልን መስሎት አጨበጨበላት።

"እማዬ፣ አንዴ ዞር በይልን፣ አንድ ነጥብ ናት የቀረችን" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ነይ አግዥኝ እንጂ ልጄ፣ ፀሐይዋ ሳትሄድብን" አለችኝ።

እጇን ይዤ ዳር አስቀመጥኳትና ተመልሼ ገባሁ። ዋንጫውን በላን።

አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ይባርክልህ፣ ሳምልኝ። የምትመጣ ከሆነ ግን እስከ በዓሉ አትቆይ። እናታችን ሌላው ሌላው እየጠፋባት ነው፣ ድምፅህን ግን ገና ትለየዋለች።

ታናሽ እህትህ