የጂጂ ጋዋን

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ቶሌራ፣ ኩየራ

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ የጥቅምትን ብርድ እንዴት ቻለው? ጆሮዎስ? የላክሁልዎ መነጽር አፍንጫዎን መጫኑን ተወ ወይ? ስንዴው ዋግ ሳይመታው ደረሰ? ወንድሜ ጋሮምሳና ባለቤቱ ኪሩ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ፈይሳ ባጃጁን ይነዳል፤ ሀዊ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፤ እኔም ያው ልብስ ስፌት ፋብሪካው ነኝ። አዳማ ነፋሷን ጀምራለች፤ አቧራ ስንጠርግ እንውላለን። ሌላ አዲስ ነገር የለም፣ ከዚህ በታች ከምጽፈው በቀር።

በስልክ ያልነገርኩዎት ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ስፒከሩን ከፍተው ስለሚያወሩ ነው። እኔ እዚህ ሳነጥስ ኩየራ በሙሉ ይማርሽ ይላል። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። አባዬ፣ እኔ ዲግሪ የለኝም። አልተመረቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬዎን ቦራን ሸጠው የመጨረሻውን ዓመት ክፍያ የላኩልኝ ጊዜ እርጉዝ ነበርኩ። ሀዊ በኦፕራሲዮን መወለዷን ያውቃሉ፤ በምን ገንዘብ እንደሆነ ግን አልነገርኩዎትም። የቦራ ዋጋ እዚያ ሄደ። ኮሌጁን አቋረጥኩ። ጓደኞቼ የተመረቁ ዕለት አብራኝ የተማረችው ጂጂ ጋዋኗን ለአምስት ደቂቃ አዋሰችኝ፤ ፎቶ ቤት ገብቼ ተነሣሁና ለእርስዎ ላክሁት። በዓመቱ ተመልሼ እጨርሰዋለሁ፣ ፎቶው ትንሽ ቀደመ እንጂ ውሸት አይባልም ብዬ ነበር። እርስዎ ግን በግ አረዱ፤ ሽማግሌ ጠርተው ሲያበሉ ሲያጠጡ ዋሉ። በጉ ከተበላ በኋላ ምን ተብሎ ይነገራል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው አሥራ ሦስት ዓመት አደረ። ከእርስዎ ሌላ ማንንም አላታለልኩም። ፋብሪካውም የቀጠረኝ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴ ነው።

ነሐሴ ላይ ኮሌጁ ሄጄ ሬጅስትራሯን ጠየቅኳት። የድሮ ውጤቴን ከመዝገብ ፈልጋ አገኘችው። ዘንድሮ ካልተመለስሽ ያለፍሻቸው ኮርሶች አይያዙልሽም፣ ከአንድ ብለሽ ትጀምሪያለሽ አለችኝ። የቀረኝ ሁለት መንፈቅ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ እየተማሩ። ምዝገባው ጥቅምት ሃያ አምስት ይዘጋል። ደመወዜ ደግሞ ወር እንኳ አያደርስም። ፈይሳ ባጃጁን አስይዤ ልበደርልሽ አለኝ። ለዚህ ትምህርት አንድ በሬ ተሸጧል፣ ይበቃል አልኩት።

የቀረኝ እቁቡ ነበር። የስፌት መስመራችን ሴቶች እቁብ አለን፤ ዳኛው የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው። በእኛ ደንብ የቸገረው ሰው ዕጣ ሳይወጣ ተነሥቶ ምክንያቱን በሁሉም ፊት ይናገራል፤ ካመኑበት ያለ ዕጣ ይሰጡታል። አርብ ደመወዝ እንደወጣ ተነሣሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ትምህርት ልገባ ነው ማለት አሳፈረኝና ቤቴ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ ልለውጥ ነው አልኩ። ጋሽ ዲበኩሉ ዝናቡ እኮ ወጥቷል አሉ። የጎረቤትዎ የአባባ ኦሊቃ ልጅ ቡዜ ደግሞ እዚያው ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው፤ ቆርቆሮሽ አምና አይደለም እንዴ የተመታው፣ ምስማር ሳቀብል የዋልኩት እኔ አይደለሁም ወይ አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሌላ ውሸት ብፈልግም አልመጣልኝም። የኮሌጅ ክፍያ ነው፣ ሳልጨርስ ነው የቀረሁት አልኩ። ይሄኔ ቡዜ መሳቋን ትታ፣ አባትሽ ቤት የተሰቀለው ፎቶ ታዲያ የማነው አለችኝ። ፊቱ የእኔ ነው፣ ጋዋኑ የሰው ነው አልኳት።

ጋሽ ዲበኩሉ የተጠቀለሉትን ዕጣዎች ወደ ጣሳው መለሱ። ለእሷ ይሁን፣ ዋስ ጥሪ አሉኝ። ዋስ የሆነችኝ ቡዜ ናት። ትናንት ከፈልኩ፤ የደረሰኙን ኮፒ እዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ። ቡዜ በሚቀጥለው ሳምንት ለወንድሟ ሠርግ ኩየራ ትመጣለች። ትንፍሽ አልልም ብላ ምላለች፤ አፏን ግን ከእኔ የበለጠ እርስዎ ያውቁታል። ከእሷ ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው በአይሱዙ ሾፌር እጅ የቸኮልኩት።

ገንዘቡን ለማካካስ ብዙ አስቤያለሁ፤ የሚከነክነኝ ግን እሱ አይደለም። ቦራ ከተሸጠ በኋላ የቀረውን በሬ ከአባባ ኦሊቃ በሬ ጋር እያቀናጁ፣ ተራ ሲጠብቁ እርሻው እየዘገየብዎ ሁለት ክረምት ማለፍዎን ጋሮምሳ ነግሮኛል። እርስዎ አንድ ቀን አላነሡብኝም። ሰው በሬህስ ሲልዎት ወደ ፎቶው ይጠቁሙ ነበር አሉ። ይህን ሳስብ አፍራለሁ። ይቅር ይበሉኝ። መቆጣት ካማርዎትም ስፒከሩን ከፍተው ይቆጡኝ፤ ኩየራም ይስማ።

ትምህርቱ የፊታችን ቅዳሜ ይጀመራል። ከሀዊ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ነው የምናጠናው፤ ከወዲሁ በአንድ ማስመሪያ ተጣልተናል። ከሆነልኝ ሐምሌ ላይ እመረቃለሁ፤ ጋዋኑንም በራሴ ስም እከራያለሁ።

ጋሮምሳን ሰላም ይበሉልኝ፤ ለኪሩ የጠየቀችኝን ክር በሌላ ጊዜ እንደምልክላት ይንገሩልኝ። በሬያቸው እኔን ሲያስተምር ለከረመው ለአባባ ኦሊቃ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። ፈይሳ ሰላም ብሎዎታል፤ ሀዊ ጉልበትዎን ትስማለች። ግድግዳው ላይ ለምትስቀው ልጅ ግን ሰላምታ የለኝም። እሷን ያውርዷት፤ ምስማሩን ብቻ ይተዉልኝ።

ልጅዎ ኦብሴ
አዳማ፣ እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.