የቁጥር ሦስት መኪና የኋላ መብራት ስላቆረው ውሃ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኦስሞ ቬህካላ፤
በቫሃላምፒ ማዘጋጃ ቤት የንብረትና የተሽከርካሪ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሰማዩ ተቀዶ በከረመበት በዚህ ኅዳር፣ እርስዎ ከቢሮዎ ንቅንቅ ሳይሉ፣ ካልሲዎ ሳይረጥብ እንደከረሙ ሰምቼ እሰይ ብያለሁ። እኔ ራውኒ ሃላቫ እባላለሁ፤ የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ለቤት ነርስ ነኝ። በቁጥር ሦስት መኪና በሰሜኑ የጫካ መንገድ እየዞርኩ ለአሥራ አንድ አረጋውያን መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ከዚህ በፊት የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎን ስላጣበቡት፣ ለአምስተኛው ሰፋ ያለ ቦታ ብፈልግለት ነው።

ጉዳዩ የግራው የኋላ መብራት ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ውሃ ያስገባል። ገብቶ ቢወጣ ባልከፋ፤ እዚያው ተኝቶ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዝልግልግ አውጥቷል፣ የሞቱ ዝንቦች ይንሳፈፉበታል፤ ኩርባ በዞርኩ ቁጥር ይንቦጫቦጫል። አንድ ጊዜ አምፑል ልቀይር ስከፍተው እጄ ላይ ተደፋና ሽታው እስከ ማታ አልለቀቀኝም፤ እራቴንም ትቼ ተኛሁ። ይህ ሁሉ አስጠልቶኝ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ውሃው ሶኬቱ ውስጥ ሲደርስ ግን ፊውዙ ይቃጠላል፣ የቀኙም መብራት አብሮ ይጠፋል። ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ያለው ሰው ምንም አያይም ማለት ነው። በዚያ መንገድ ከኋላዬ የሚመጣው ደግሞ ግንድ የጫነ ተሳቢ ነው፤ አንዱማ ለጥቂት ነው የሳተኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የዋሉልኝን ውለታ በተራ ላስታውስዎ።

፩ኛ. ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ «እርጥበት የተፈጥሮ ክስተት ስለሆነ መኪናዋን ፀሐይ ላይ ማቆም ይመከራል» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ በእኛ በሰሜኖቹ አገር ዝናብ እንጂ ፀሐይ የማይታይበት። ፀሐይቱ የምትገኝበትን ቀን ቢገልጹልኝ ኖሮ ምክርዎን በተግባር ባዋልኩ ነበር።

፪ኛ. ለሁለተኛው ደብዳቤዬ የጋራዡ ሠራተኛ ሲሊኮን የሚባለውን ማጣበቂያ ይዞ እንዲመጣ ስላደረጉ ደግሞ አመሰግናለሁ። ሰውየው የመብራቱን ዙሪያ በጣቱ ሲለቀልቅ ቆይቶ፣ ከሥር ያለችውን ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳም ጥርቅም አድርጎ ደፈናት። ውሃ የሚገባበትን ትቶ የሚወጣበትን ዘጋ! «አሁን ጠብታ አትወጣም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አንድም አልወጣችም።

፫ኛ. ለሦስተኛው ደብዳቤዬ የሰጡኝን መልስ፣ ያን ሳውና የምንለውን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ እንዴት ብዬ ልርሳው? እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ወገቤን ሲያመኝ ሳውና እገባለሁ፣ ከባሌ ስጣላ ሳውና ውስጥ እንታረቃለን፣ እናቴም እዚያው ነው የወለደችኝ። መብራት ግን ሳውና ሲገባ አይቼ አላውቅም። እርስዎ «በሚገባ ይድረቅ» ብለው ባዘዙት መሠረት፣ መብራቱ ተፈትቶ ዓርብ ዕለት በእሳት አደጋ ጣቢያው ሳውና ላይኛው መደብ ላይ ከሚታጠቡት ሰዎች ጎን ተቀመጠ። ሰዎቹም እንደ ወጉ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ በጭልፋ እየቸለሱ እንፋሎቱን ለቀቁበት። ውሃ የገባበትን ዕቃ በእንፋሎት ማድረቅ! ኧረ የጉድ አገር! ከሳውናው ሲወጣ ፕላስቲኩ ተጣሞ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት አበጅቶ ነበር። በመዝገብዎ ላይ ግን «ጥገና ተደርጎለታል» ተብሎ በፊርማዎ ተጽፏል። ፊርማዎ እንዴት ያምራል!

በዚህ ጊዜ ነው ጎረቤቴ አባባ ኤቨርት ጣልቃ የገቡት። ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ ሲሠሩ ኖረዋል። ከወደቀ መኪና ላይ ተመሳሳይ መብራት አስፈትተው አመጡ። መተንፈሻዋን በጣታቸው ደፍነው ባልዲ ውስጥ ነከሩትና በቀጭን ቱቦ አየር ነፉበት፤ አረፋው በአምፑሉ ማቀፊያ በኩል ቡልቅ ቡልቅ አለ። «ያው የጎማ ማሸጊያው ነው የደረቀው! እነዚህ ሰዎች ምን ሲያዩ ነው የከረሙት ልጄ?» አሉኝ። ማሸጊያውን ቀየሩ፣ መተንፈሻዋን ክፍት ተዉ፣ መኪናዋ ላይ ገጥመው ሰጡኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘነበ፤ መብራቱ ውስጥ ጠብታ አልታየም። እንዴት እንደቀለለኝ ልነግርዎ አልችልም፤ ከኋላዬ መኪና ሲመጣ ጥግ ይዤ መቆም ተውኩ።

ክቡርነትዎ ግን ንቁ ነዎት። ባለፈው ረቡዕ በደረሰኝ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፣ «ባልተፈቀደለት ግለሰብ የተነካ የማዘጋጃ ቤት ንብረት» ስለሆነች መኪናዋ እንድትቆም፣ ቁልፏን እንዳስረክብ፣ የአባባ ኤቨርት መብራት ተፈትቶ የተመዘገበው ዕቃ፣ ያ የተጣመመው፣ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ አዲሱ በጨረታ እስኪገዛ ስምንት ሳምንት እንዲጠበቅ አዘዋል። ያ አረንጓዴ ውሃ እጄ ላይ ሲደፋ እንኳ እንዲህ አላስጠላኝም። ዓይንዎ እያየ መንገድ ላይ የሚያስጨርሰኝን ዕቃ ቁጥር ስላለው መረጡት፤ የሚያድነኝን ቁጥር ስለሌለው ጣሉት። ኧረ ያሳፍራል!

አሥራ አንዱ ሽማግሎችና አሮጊቶችስ? ብዬ በአራተኛው ደብዳቤዬ ብጠይቅ፣ «በስልክ ይጎበኛሉ» ብለዋል። አቤት ብልሃት! በራሴ መኪና ልሂድ ብል ኢንሹራንሱ አይፈቅድም ተባልኩ፤ የቀሩት ሁለት ነርሶች መኪኖች የየራሳቸው መንገድ አለባቸው። በመንገዱ መጨረሻ ባለችው ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት እግራቸው ላይ ቁስል አለ። በየሁለት ቀኑ ታጥቦ ፋሻው ካልተቀየረ እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ሐኪሙ በጽሑፍ አሳውቋል። እኔ በስልክ ምን ላድርግላቸው? ፋሻውን በየት በኩል ልላከው?

ስለዚህ የመኪናዋን ቁልፍ ዛሬውኑ እንዲመልሱልኝ፣ የአባባ ኤቨርትንም መብራት እንዳይነኩብኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ለቅጣቱ ዝግጁ ነኝ፤ ከፈለጉ ከደመወዜ ይቁረጡ፣ ከፈለጉም ከሥራ ያባርሩኝ፤ ብቻ ከመንገድ አያስቀሩኝ።

ለደረቁ ወንበርዎና ለማይደክመው ማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ እግረኛ ነርስ፣
ራውኒ ሃላቫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእኒያን እናት ስም እንዳልጽፍ የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ ይከለክለኛል፤ ልጃቸው በየትኛው ቢሮ ኃላፊ እንደሆነም አልጽፍም። ትናንት ደውዬ ለልጅዎ ልንገረው ወይ ስላቸው፣ «ተይ ልጄ፣ እሱን እንዳታስቸግሪው፤ ሥራ ይበዛበታል። እኔ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ፋሻው ከተቀየረ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው።