ያለ ትኬት፣ ያለ ጡት

እሑድ፣ ሞጣ

ደርሰናል! ናርዲ ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ ጭኔ ላይ ተኝታ መጣች። አንድ ጊዜም "ጡጡ" አላለችም። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት እናቶች ሁሉ "እናቷስ?" እያሉ ጠየቁኝ። "ቢቸና ናት፤ ጡት ላስጥላት ይዣት መጣሁ" ስል አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ "አንተ? ብቻህን?" አለችኝ። አዎ፣ እኔ። ብቻዬን። አንድ ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ጸጥ የማሰኝ መምህር የገዛ ልጄ ታቅተኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ብርቱካን ነርስ ናት። ደብረ ማርቆስ ሄዳ ደረጃዋን የምታሻሽልበት የትምህርት ዕድል አግኝታለች። አምናም አግኝታ ነበር፤ ለናርዲ ስትል ተወችው። ዘንድሮ ከተወችው ሌላ ጊዜ የሚሰጣት የለም። የሚመጣው ሳምንት ሰኞ ትጀምራለች፤ የምትመለሰው ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው። ናርዲ ደግሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ዛሬም ጡት ካልጎረሰች አትተኛም። እሬት ተቀባ፤ በእጇ ጠርጋ ጠባች። ቃሪያ ተቀባ፤ ብርቱካን ራሷ ተቃጥላ አለቀሰች። የቀረው የድሮው መንገድ ነው፤ እናትና ልጅን መለያየት። ድሮ ልጅ አያቱ ቤት ይላክ ነበር። የእኛዋ አያት ግን፣ አማቴ እማማ ጥሩሰው፣ የሚኖሩት እኛው ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሴሚስተር ዕረፍቴን ጠብቄ ልጄን ይዤ ጠፋሁ።

ሞጣን የመረጥኩት በከድር ምክንያት ነው። ከድር የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። ቤተሰቦቹ እዚህ ሞጣ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ አዲስ ሪዞርት ያስተዳድራል። "ክፍል አለ፣ ልጅቱን ይዘህ ና" አለኝ። ሣር አለ፣ ዛፍ አለ፣ ልጅ የሚሮጥበት ሰፊ ግቢ አለ። በሽቦ የታጠረ የልጆች መጫወቻም አለ፤ በአየር የተነፋ ትልቅ ሸርተቴ፣ የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ ዥዋዥዌ። የሚገባው በትኬት ነው።

ትኬት ግን አይገዛም። ስንወጣ እማማ ጥሩሰው በር ላይ ይዘው አስማሉኝ። "ባለቀሰች ቁጥር እየገዛህ እንዳትደልላት። ጡቱን አስጣልናት እንበል፤ ትኬቱን ደግሞ ማን ያስጥላታል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤታችን ስንመለስ በአየር የተነፋ ሸርተቴ ከየት አመጣለሁ?

ሌላም ነገር ብለዋል። "የእናቷን ልብስ እንዳትይዝ።" ይሄኛውን እንኳ አልተቀበልኳቸውም። የብርቱካንን ነጠላ አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር ከትቻለሁ። የእናት ጠረን ልጅ ያረጋጋል። ይሄ ሳይንስ ነው።

የዛሬ ድል፦ ፓስታ በላች። ግማሹን ሸሚዜ በላው።

ሰኞ

ሳይንስ ገደል ይግባ።

ትናንት ማታ መነጫነጭ ስትጀምር ነጠላውን አለበስኳት። ፊቷን ቀብራ አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ በሩን አየች። "እማ?" አለች። እናቷ የተደበቀች መሰላት። አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ሻወር ቤቱን እንድከፍትላት እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከፈትኩላት። ማንም የለም። ያኔ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ አልገደዳትም። በመጨረሻ ደክሟት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። እማማ ጥሩሰው ያወቁትን አውቀው ነበር።

ጠዋት ነጠላውን ራሴ አጠብኩት። በሳሙና አሸሁት፣ ደግሜ አሸሁት፣ አጥር ላይ አሰጣሁት።

ከቁርስ በኋላ ናርዲ መጫወቻውን አገኘችው። ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። "እዛ" አለች።

"እዛ ዝግ ነው" አልኳት።

ልጆቹ እየጮሁ ይንሸራተታሉ፤ እሷ ታያቸዋለች፤ እኔ ዝግ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ውሸት በሕይወቴ አልዋሸሁም። ከድር ከቢሮው ወጥቶ መጣ። "ምነው ልጅቱን የምታሰቃያት? ትኬቷ በእኔ ይሁን" አለ። አይሆንም፣ ምያለሁ አልኩት። "የቢቸና ሰው ግትር ነው ሲሉ እውነት አይመስለኝም ነበር" አለ። ይሄን የሚለው የሞጣ ሰው ነው እንግዲህ!

ግን ምን ሆነ፤ አትክልተኛው ሣር ሊያጠጣ የውሃ ጎማውን ዘረጋ። ጎማው አንድ ቦታ ተበስቷል፤ ውሃው እንደ ቀጭን ክር ወደ ላይ ይፈናጠራል። ናርዲ ሽቦውን ለቀቀች። መጣች፣ አየችው፣ ረገጠችው። ጠፋ! እግሯን አነሣች። ወጣ! ረገጠች፣ ጠፋ። አነሣች፣ ወጣ። እስከ ምሳ ድረስ ሌላ ሥራ አልነበራትም። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ እየጠራች አሳየች። ዘወር ስትል እኔም ረግጬ አየሁት። ደስ ይላል።

ከምሳ በኋላ ያለ ጡት ተኛች! ደረቅ ልብስ እንደቀየርኩላት፣ ሣሩ ላይ፣ ጠጠር በእጇ እንደያዘች። ይሄን የምጽፈው አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ደስታዬን ማን ልንገረው? ለብርቱካን "ተኝታለች!" ብዬ ላኩላት። "እኔ አልተኛሁም። ጡቴ ድንጋይ ሆኗል" ብላ መለሰችልኝ።

ጥሩ ባል ለዚህ ምን ይመልሳል? ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ "አይዞሽ" አልኳት። አነሰ።

ማክሰኞ

መኪና ሠራሁ! ከኩሽናው ባዶ ካርቶን ለመንኩ፣ ሲባጎ አሰርኩበት፣ ናርዲን ከተትኩ፣ ጎተትኩ። ጠጠሩ ላይ ሲሄድ ድምፁ የእውነት ሞተር ነው። "ቢቢ!" ትላለች። እስከ ግቢው በር እንሄዳለን፤ ለሚገባ ለሚወጣው ባጃጅ ሁሉ "ቻው" እንላለን፤ ሾፌሮቹ በጡሩምባ ይመልሱልናል፤ ዞረን እንመለሳለን። የኩሽና ሠራተኞቹ "ሾፌሩ መጣ" እያሉ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ!

ይባስ ብሎ፣ ትኬት ተቆርጦለት ሸርተቴው ላይ የነበረ አንድ ልጅ ወርዶ ሽቦውን ያዘ። "መኪናው! መኪናው!" እያለ ለቅሶውን አቀለጠው። እናቱ ገላመጠችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ካርቶንህን ይዘህ ወዲያ ብትል ምናለ? ልጄ ሸርተቴው ላይ ይጫወትበት" አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሆዴ ግን ይጨፍራል። ልጁ እምቢ ሲላት አስወጥታ ናርዲ ጎን አስቀመጠችው፤ ሁለቱን ጎተትኩ፤ ካርቶኑ ተቀደደ። ናርዲ አላዘነችም፤ ቁራጩን እንደ ባርኔጣ ደፍታ ስትዞር ዋለች።

ከሰዓት ግን ተሸነፍኩ። ለካ ትናንት የጣላት ድካሙ ነው። ዛሬ ደክሟትም እምቢ አለች። አቀፍኳት፣ አጋደምኳት፣ ዘፈንኩላት። እጇን በሸሚዜ አንገት አስገባች፣ ፈለገች፣ አጣች፣ ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም። አንጀቴን በላችው።

ብርቱካን ስትደውል ናርዲን ለከድር ሰጥቼ ወጣሁ፤ የእናቷን ድምፅ እንዳትሰማ።

"አምጣት" አለችኝ።

"ምን?"

"ትምህርቱ ይቅር። ነገ ይዘሃት ና። እኔም ልጄም አለቅን።"

እስከ ነገ ማታ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ይሄ ትምህርት ሁለተኛ ካመለጣት መቼም አትሄድም፤ እኔም ባየኋት ቁጥር ትዝ ይለኛል። ከዚያ "አዝለሃታል?" አለችኝ።

"እ?"

"ያለ ጡት እንቅልፍ የሚወስዳት ጀርባ ላይ ነው። እዘላት። ከቻልክ ቻልክ፤ ካልቻልክ ሐሙስ ና።"

እኛ አገር ወንድ ልጁን ትከሻው ላይ እሽኮኮ ያደርጋል እንጂ በጀርባው ሲያዝል አላየሁም። አባቴ እኔን አዝሎኝ አያውቅም። ተማሪዎቼ ቢያዩኝስ? ከድር ቢያየኝስ? እሱማ እስክሞት ያነሳብኛል።

ረቡዕ

አዘልኩ! ከሁሉ በፊት ይሄ ይጻፍ። አዘልኩ!

ከምሳ በኋላ ናርዲ ዓይኗን ማሸት ስትጀምር ክፍሌን ዘጋሁ፣ መጋረጃውንም ዘጋሁ። የታጠበውን ነጠላ አወጣሁ። አሁን የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ብርቱካን ዘንድ ደወልኩ።

"ጎንበስ በል" አለችኝ። "ጀርባህ ላይ አስተኛት። ነጠላውን ከላይዋ ጣል። በብብቷ ሥር አሳልፍና ደረትህ ላይ ቋጥር። ጠበቅ!"

"ተንሸራተተች። ወገቤ ጋ ደርሳለች።"

"የት?"

"አሁንማ ከወገቤም ወርዳለች።"

ሳቀች። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ፈትቼ ከሥር ጀመርኩ። በስንት መከራ ታሰረች። ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፤ ናርዲ ጉዞ ትፈልጋለች። ስቆም ትንፈራገጣለች፣ ስራመድ ዝም ትላለች። ምን አማራጭ አለ? በሩን ከፈትኩ።

ሰርግ!

ጥር አይደል? ሙሽሮቹ ለፎቶ መጥተዋል። ሚዜው፣ አጃቢው፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ ግቢው ጢም ብሏል። እኔ ደግሞ የሴት ነጠላ ደረቴ ላይ ቋጥሬ፣ ልጅ አዝዬ፣ በሲሊፐር። ልመለስ ስል ናርዲ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ትንፋሿ በሸሚዜ አልፎ ሞቀኝ። ብመለስ ትነቃለች። ወጣሁ።

መጀመሪያ አንድ ሚዜ አየኝና ጓደኛውን ነካው። ከዚያ ሁሉም ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ሙሽራዋ ሙሽራውን በክርኗ ጎሸም አድርጋ "አየህ? ተማር!" አለችው። እሱ አንገቱን ሲደፋ አንዲት ትልቅ ሴት ከአጃቢው መሃል ወጡ። "እሰይ! አባት ማለት እንዲህ ነው!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እኔ የምፈራው እንዳትነቃ ነው። አልነቃችም! ያ ሁሉ እልልታ፣ ያ ሁሉ ከበሮ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ድብን ብላ ተኝታለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሣሩን ዞርኩት፤ እሹሩሩ እያልኩ፣ ጮክ ብዬ። ማፈሬን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ከድር በቢሮው መስኮት ሆኖ ቀርጾኛል። ለብርቱካን የላከውም እሱ ነው። ማታም አዝዬ አስተኛኋት፤ ብዙም አላስቸገረችም። አሁን የብርቱካን መልእክት ገባ። "ነገ አትምጡ። እስከ ቅዳሜ ቆዩ።"

ሐሙስ

ወገቤ! ሴቶቹ ይሄን አዝለው ገበያ ወጥተው ይመለሳሉ፤ እኔ ሣር ላይ ተንሸራሽሬ ወገቤ ተቆረጠ። ቢሆንም ቀኑ ጥሩ ነው። ጎማ፣ አዲስ ካርቶን፣ ባጃጅ፣ ጀርባ። "ጡጡ" ያለችው ጠዋት ብቻ ነው። "የለም" ስላት እጆቿን ዘርግታ "የለም" አለች። ከዚያ ሽሮውን በሁለት እጇ በላች።

በመጫወቻው በኩል ስናልፍ ሽቦውን መታ መታ አድርጋ "ዝግ ነው" ብላኝ አለፈች። ይሄ አሳዘነኝ። አንድ ቀን ተመልሰን እንገባለን፤ ብርቱካንም አብራን። ያኔ ትኬቱን የምገዛው ለደስታ ነው።

ቅዳሜ፣ ቢቸና

መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሳስብ ነበር። ሞጣ ሌላ፣ ቤት ሌላ። እናቷን ስታይ ሁሉንም ረስታ እንደገና ብትጀምርስ? ሰኞ ነገ ወዲያ ነው።

ብርቱካን በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች፤ በዚህ ፀሐይ አንገቱ የተዘጋ ሹራብ ለብሳለች። ናርዲ "እማ!" ብላ ሮጠች፣ ተጠመጠመች። ትንሽ እንደቆየች እጇ ሄደ። ሹራቡን በአንገቱ በኩል ሳብ አደረገችው። እማማ ጥሩሰው የያዙትን ወንፊት ይዘው ደርቀው ቀሩ። እኔ ቦርሳው ትከሻዬ ላይ፣ አንድ እግሬ ከበሩ ውጭ።

ናርዲ እጇን አወጣች። የእናቷን ደረት መታ መታ አደረገች።

"ዝግ ነው" አለች።

ሳቃችን ጎረቤት ተሰማ። ብርቱካን እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሳቁ ቀርቶ ለቅሶው ብቻ ቀረ። እማማ ጥሩሰው ራሷን አሻሹላት። "ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው፣ እናቱን ያማታል" አሏት። ወደ እኔ ዞሩና "ትኬት ገዛህ?" አሉኝ። አልገዛሁም። "ነጠላዋስ ከአንተ ቦርሳ ምን ትሠራለች?" አሉ። በቦርሳው አፍ ወጥታ ተንጠልጥላለች። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ አመለጥኩ።

እንቅልፏ ሲመጣ ናርዲ ነጠላውን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። ብርቱካን ቶሎ ብላ ቁጢጥ አለችና ጀርባዋን አዘጋጀች። ናርዲ በአጠገቧ አልፋ ነጠላውን እኔ ጭን ላይ ጣለችው።

ብርቱካን እንደተቀመጠች ትንሽ ቆየች። ተነሥታ ነጠላውን ራሷ አስተካክላ ቋጠረችልኝ፤ የእኔ ቋጠሮ ዛሬም ልል ነው። ከዚያ ጓዳ ገባች። የሻንጣዋ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ።

ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ሰኞ ትሄዳለች። ማክሰኞ ምን እንደሚውጠኝ እግዜር ይወቅ። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ይሄን የምጽፈው ደብተሩን መስኮቱ ላይ አድርጌ፣ ቆሜ ነው። ብቀመጥ ትነቃለች።