ሰርቨሯ የተባረከችበት ሳምንት

ሐሙስ፣ ጁላይ 31
ዛሬም የለም። የሰፈሩን ቢሮ ከፍቼ፣ ወንበር ሳልስብ ኢሜይሉን አየሁ። የመስኖ ስብሰባ ጥሪ… የሠርግ ጥሪ… በቃ። ጃፓን ያሉት የኪዮቶ የሙዚቃ በዓል አዘጋጆች «በኦገስት መጀመሪያ እንጽፋለን፤ እስከ አርብ፣ ኦገስት 8 ካልመለሳችሁ ቦታው ለሌላ ቡድን ይሰጣል» ብለዋል። የነሐስ ሙዚቃ መሣሪያ የምንመታ ሃያ አራት የሰፈሩ ሴቶች… ሁሉም የሚጠብቀው የሰፈሩን ኢሜይል የምትቀበለውን የኔን ሰርቨር ነው።

አማቴ ሱክርኒ፣ «ሜሜ» (እናቴ) የምላቸው፣ ከበሮአቸውን አቅፈው ጠየቁኝ፦ «ሉህ፣ ያቺ ሳጥንሽ ምን አለች?»
«ምንም፣ ሜሜ።»
ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከባሊ ወጥተው አያውቁም። ሻንጣ ግን ገዝተዋል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2
ቱምፐክ ላንደፕ። የብረት ነገር ሁሉ የሚባረክበት ቀን። ሞተር ብስክሌቱ፣ ቢላው፣ ሰርቨሯም። የቢሮውን ዕቃ በሙሉ አጥፍቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ቢጫ ጨርቅ አለበስኳቸው። ካህኑ ጄሮ ማንግኩ ጠበሉን ይዘው መጡና «ትልቁ ይቅደም» ብለው ከፕሪንተሩ ጀመሩ። ሁሉንም በተባረኩበት ተራ አበራሁ። ሰርቨሯ ትንሽ ስለሆነች መጨረሻ። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ የሩዝ ኬክ መብላት አበዛሁ።

ሰኞ፣ ኦገስት 4
አንድም ደብዳቤ የለም። የሠርግ ጥሪ እንኳ!

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ከስልኬ፣ ከውጭው አድራሻዬ፣ ወደ ቢሮው አድራሻዬ ላክሁ፦ «ደረሰሽ?» አልደረሰኝም። ቢሮ ውስጥ ሆኜ ግን ሰርቨሯ ትከፈታለች፣ የድሮውን ታስነብባለች፣ ወደ ውጭም ትልካለች። መቀበል ብቻ እምቢ። ምን አስቀየምኳት?

የሰፈሩ አለቃ ፓክ ዊርያ በር ላይ ቆመው ሳቁ። «ሉህ፣ ሰርቨርሽ ከተባረከች በኋላ መነነች እንዴ?»
«ትመለሳለች፣ ፓክ።»
«እስከ አርብ ካልተመለሰች ነቅለን እንደማንኛውም ሰው ነፃውን ኢሜይል እንከፍታለን። የአሳ ገንዳ የሚሆን ጥሩ ቦታ ይዛለች።»
የአሳ ገንዳ! እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
ኬብል ቀየርኩ። ፋየርዎሉን፣ የሰርቨሯን ዘብ፣ መስመር በመስመር አነበብኩ። የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደውዬ ግማሽ ሰዓት ጮህኩ፤ ልጅቷ በትዕግሥት «በኛ በኩል ሰላም ነው፣ እህቴ» አለችኝ። እውነቷን ነበር መሰለኝ… አፈርኩ።

ለኪዮቶ ደውለን ብንጠይቅስ? ሜሜ ቱግ አሉ። «ሙሽራ ራሷ ሽማግሌ ላኩልኝ ትላለች እንዴ? ነውር ነው!»

ፈራሁ። ደብዳቤው በር ተዘግቶበት ነው ወይስ ከነጭራሹ አልተጻፈም? የላኪው ሰርቨር በር ሲዘጋበት ለጥቂት ቀናት እየተመለሰ ያንኳኳል። በዚህች ተስፋ ነው ያለሁት።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7
ተገኘ!!

ሜሜ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዘውልኝ መጡ። ከጎኔ ተቀመጡ።
«እስቲ ቅዳሜ ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»
«አጠፋሁ፣ ጠረግሁ፣ አበራሁ።»
«ማን ቀድሞ ተነሳ?»
«ፕሪንተሩ። ጄሮ ማንግኩ ትልቁ…»
ሩዙን አስቀምጬ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ኢንተርኔቱን ለቢሮው የሚያከፋፍለው ራውተር እኮ ለዕቃዎቹ ቁጥር የሚያድለው በተነሱበት ተራ ነው! ከውጭ የመጣን ደብዳቤ «ወደ ቁጥር አስር ውሰድ» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አስር ሰርቨሯ ነበረች። ከቅዳሜ ወዲህ አስር ማነው? ፕሪንተሩ! ሳምንቱን ሙሉ የዓለም ደብዳቤ የፕሪንተር በር ሲያንኳኳ ከረመ። ቁጥሯን ቋሚ አደርጋለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት… ነገ፣ ነገ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አስርን መለስኩላት፣ ለሁልጊዜውም አሰርኩላት። ከስልኬ «ደረሰሽ?» ጢን! ሜሜ አጨበጨቡ። ከዚያ ሌላ ደብዳቤ የለም። ላኪዎቹ ሁሉ በየራሳቸው ሰዓት ነው ተመልሰው የሚያንኳኩት። የሠርግ ጥሪ መጣ። የመስኖ ቃለ ጉባኤ። የማዳበሪያ ማስታወቂያ… ሜሜ እየቆጠሩ፣ እኔ ጥፍሬን እየበላሁ።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ኪዮቶ። ሰኞ የተላከ።
«ምን ይላል? አንብቢው እንጂ!»
«ኑ ይላል፣ ሜሜ። ሃያ አራታችሁም። ከበሮ የሚመቱትን አዛውንት በተለይ ማየት እንፈልጋለን ይላል።»
ሜሜ ጠረጴዛዬን አንዴ በመዳፋቸው ድም አደረጓት፣ ልክ ዘፈን ሲያስጀምሩ እንደሚያደርጉት። አለቀስኩ፤ ከማን ልደብቅ? እዚያው መልሱን ላክሁ።

ፓክ ዊርያ ዐይናቸውን በጨው አጥበው «እኔ መቼ ተጠራጥሬ አውቃለሁ?» አሉ።
«የአሳ ገንዳውስ?» አሏቸው ሜሜ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 28
ቱምፐክ ላንደፕ በ210 ቀኑ ዞሮ መጣ። የኪዮቶው ፎቷችን ግድግዳው ላይ ነው፤ ሜሜ መሃል፣ በጃፓን ካልሲ። ጄሮ ማንግኩ ጠበሉን ወደ ፕሪንተሩ ሲያነሱ ሜሜ አቋረጧቸው፦
«ቆዩ! ትንሿ ትቅደም!»
«ሜሜ፣ ቁጥሯ ታስሯል እኮ። ማንም ቢቀድም ለውጥ የለውም።»
«እኔ ግን ያለፈውን አልረሳሁም። ትቅደም።»
ቀደመች። ካህኑም ሳቁ።

ሁሉንም አበራሁና ስልኬን ለሙከራ ሳወጣ… ጢን። ማነው ደግሞ የቀደመኝ? ከፈትኩት። ላኪ፦ ሱክርኒ። ሰርቨሯን «ያቺ ሳጥንሽ» የሚሏት፣ ኢሜይል ልከው የማያውቁት ሴትዮ! አንድ ቃል ብቻ፦
«ደረሰሽ?»
ቀና አልኩ። በረንዳው ላይ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ስክሪኑ እያዩ ይጠብቃሉ። በአፌ ልመልስ ነበር፤ ተውኩት።

«ደረሰኝ፣ ሜሜ» ብዬ ጻፍኩላቸው።