የመምህር አሞጽ ባዩ የሕይወት ታሪክ ከነሮኬታቸው

መምህር አሞጽ ባዩ ከአባታቸው ከአቶ ባዩ ገብሬ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርፌ ወልዴ በጥቅምት ወር 1953 ዓ.ም. በሚዛን ተፈሪ አጠገብ በምትገኝ የቡና መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ንጋቷ የመጨረሻዋ ነኝ። በቤታችን የሚነገረው ቤንችኛ ስለነበር አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። በለመዱት በዓመቱ የአስተማሪያቸውን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ማረም ጀመሩ፤ ለዚህም ተገርፈዋል። ማረሙን ግን አልተዉም።

በ1973 ዓ.ም. ጅማ ሄደው በመምህርነት ሠለጠኑና ቱም ከተማ ተመደቡ። እዚያ ሳሉ በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካለች ጋር ጋብቻ ፈጽመው ትሕትናን እና ኢሳይያስን አፈሩ። በ1981 ዓ.ም. ወደ ቴፒ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ ፊዚክስ አስተማሩ። ቤተ ሙከራ የለም ብለው ሲያማርሩ የሰማቸው የለም፤ የጎደለውን ከገበያ ለምነው ያመጡ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የሮኬት ክበብ አቋቋሙ። ሮኬቱ ከመናኸሪያ ከሚለቀም ባዶ ሀይላንድ የሚሠራ ነው። ሩብ ያህሉን ውሃ ይሞሉታል፣ በብስክሌት መንፊያ አየር ያጭቁበታል፣ ሲለቀቅ ውሃውን ወደ ታች እየተፋ ሽቅብ ይወረወራል። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ላይ «መምህሩን ምን ነካቸው?» ይል ነበር። በኋላ ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር ከተማሪው ተመልካቹ በለጠ።

ወንድሜ ለብዙ ዓመት የባለ አንድ ደረጃ ሮኬት ወገን ነበሩ። አንድ ዕቃ ነው፣ የሚላቀቅ ነገር የለውም፣ የሚበላሽበትም ቦታ ጥቂት ነው ይሉ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ሩሐማ ኤፍሬም ተነሥታ፣ «መምህር፣ ውሃው ካለቀ ባዶውን ዕቃ እስከ ላይ መሸከሙ ምን ይጠቅማል? የታችኛው ሥራውን ሲጨርስ ይውደቅ፣ የላይኛው ቀሎት በራሱ ኃይል ይቀጥል» አለቻቸው። እሳቸውም «መጋጠሚያው ከከዳሽስ?» አሏት። ሦስት ሳምንት ሰሌዳ ላይ ተከራከሩ። በመጨረሻ ጠመኔውን አስቀምጠው «ረትተሽኛል» አሉ። ግትርነታቸውን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ተአምር ነበር።

ባለ ሁለት ደረጃውን ሮኬት የነደፈችው ሩሐማ ናት። መጋጠሚያውን በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በከመነዳሪ፣ እናሽገው ብላም ነበር። እሳቸው ግን የማር አገር ተቀምጠን ምን ጎማ ያስፈልገናል ብለው በንብ ሰም እንዲታሸግ ወሰኑ። ቴፒ ላይ በእኩለ ቀን ሙቀት አሥራ ሁለት ጊዜ ሞከሩት፣ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ በትክክል ተላቀቀ።

በጥር 2014 ዓ.ም. ማሻ ላይ በተደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር የሩሐማ ተራ የደረሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። የማሻን የጥር ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰሙ በብርዱ ድርቅ አለ። ሁለቱ ሀይላንዶች እንደተጣበቁ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ወጥተው አብረው ወደቁ፤ ሕዝቡም ሳቀ። በውድድሩ መዝገብ ላይ «የተማሪዋ ንድፍ ስህተት ነው» ተብሎ ተጻፈ። ሩሐማ ክበቡን ተወች፤ ከዚያ ወዲያ ፊዚክስ የሚባል አልፈልግም አለች።

መምህር አሞጽ ያንን ሰም ቤት ወስደው በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ሲያዩት ነገሩ ገባቸው። በማግስቱ እነሩሐማ ቤት ሄደው በአባትና እናቷ ፊት፣ «ጥፋቱ የሰሙ ነው፤ ሰሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ልጅቷ አልቅሳ ይቅር አለቻቸው፤ ወደ ትምህርቷም ተመለሰች። መዝገቡ ግን እሷን እንደወነጀለ ቀረ። እሳቸውም ይህን ሳላሳርም አልሞትም ብለው ተነሡ። ለውድድሩ ኮሚቴ ጻፉ፤ ማስረጃ አምጡ ተባሉ።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመና በሳምንት ሁለት ጊዜ ጅማ እየሄዱ እጥበት ጀመሩ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሩሐማ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ የእጥበት ቀናቸውን አስቀርተው ይዘዋት እንደ ማሻ ብርዳማ ወደሆነችው ጌጫ ወጡ። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ! ጌጫ ላይ ገና ውርጩ ሳይለቅ ሁለቱንም ሮኬት አስወነጨፉ። ባለ አንዱ ሠላሳ አራት ሜትር ወጣ። በጎማ የታሸገው ባለ ሁለቱ ደረጃ አየር ላይ ተላቅቆ፣ የላይኛው ሃምሳ ሰባት ሜትር ደረሰ። ያን ዕለት የቀረው እጥበት ዕድሜያቸውን እንዳላሳጠረ ሐኪሞቹ ነግረውናል። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ልኬቱን ከሦስት ምስክሮች ፊርማ ጋር ላኩ። የተዘጋ ውድድር መዝገብ አይከፈትም የሚል መልስ መጣ። ደግመው ጻፉ፤ ሠልሰው ጻፉ። የመጨረሻውን ደብዳቤ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ነኝ የጻፍኩት። መልስ አልመጣም።

በዚህ ዓመት በገና ሰሞን ሕመሙ ሲበረታ ጠርተውኝ፣ «ንጋቷ፣ ቀብሬ ላይ በሚነበበው ጽሑፍ የሰሙን ነገር እንዳትዘይው» አሉኝ። «ጋሼ፣ በለቅሶ ላይ የሰው ጥፋት ይነበባል እንዴ?» ብዬ ተከራከርኩ። ወይ ፍንክች! «እዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ኮሚቴዎቹም ይመጣሉ» አሉ።

መምህር አሞጽ ባዩ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አስካለችን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን እኅት ወንድሞቻቸውንና የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

እንግዲህ ባዘዙት መሠረት፣ ከኮሚቴው የመጣችሁም ባላችሁበት ይነበባል። በጥር 2014 ዓ.ም. ማሻ ላይ የተሳሳቱት መምህር አሞጽ ባዩ ናቸው፤ የሩሐማ ኤፍሬም ንድፍ ትክክል ነበር። ሩሐማ ልጄ፣ ይህ ሲነበብ ከኋላ እንዳትቆሚ፤ ከልጆቻቸው ጋር ቁሚ። ከሕመማቸው ያሳረፋቸው ጌታ በደስታው ይቀበላቸው፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።