ከኋላህ ተሰቅሎ የነበረው ሹካ

ሀዋሳ፣ ሰኔ 4 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት ለግዛቸው፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤትህ፣ ንግድህ፣ ሚስትህ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐይቁም በቦታው አለ፣ ቤቱም አለ፣ እኔም መሃል ከተማ እዚያው መሥሪያ ቤቴ ግምጃ ቤት ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ እያደልኩ አለሁ። የጠፋኸው አንተ ብቻ ነህ።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለኝ ቁጥር ስደውል ሚስትህ ታነሳለች፤ «ማን ልበል?» ስትለኝ ማን እንደምባል እኔም አላውቅም። ልጅ እንዳለህ እንዳልነገርካት ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ዕቃውን ባመጣው ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

የላክኸው የሳይክል ሹካ ሐሙስ ደረሰን። ውድድሩ ደግሞ ያለፈው ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ምናልባት አንተ ዘንድ አንዲት ልጅ ገብታ የወጣች ብቻ መስሎህ ይሆናል። ሶልያና ተራራ ላይ በሚነዳው ሳይክል መወዳደር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ያንን እንኳ ማን ነግሮህ! ሐይቁ ዳር ሳይክል እያከራየህ ስትኖር ከፊትህ አስቀምጠህ ታዞራት ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ከሳይክል ላይ አውርዱኝ ብላ አታውቅም። ክለቡ ከውጭ የመጣ አሮጌ ሳይክል ሰጣት። የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሞላ ሹካ ማርካው ቶርቬል የሚባለው ነው። ያ ሹካ ዘንድሮ ዘይቱን ተፍቶ ደረቀ።

ሀዋሳ ውስጥ ያልጠየቅነው ሱቅ የለም። ከተማው በሳይክል ተሞልቷል፣ ባለ ሞላ የሚሉትም ሞልቷል፣ ግን ሞላው ለመልክ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ክንድ ድረስ ያስተጋባል። ወንድሙ የሚባለው ሳይክል ጠጋኝ በመጨረሻ እንዲህ አላት፦ «እኔ አላታልልሽም። ቶርቬል ካልሆነ ይሄ ሳይክል ላይ አይገጥምም። የሚያስመጣው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ፒያሳ ግዛቸው የሚባል ነጋዴ አለ።» የማን አባት እንደሆንክ አያውቅም። እሷ መሬት መሬት አየች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አልኩ በሆዴ።

«እኔ ልደውልለት?» ብላት «አይ እማዬ፣ እንደ ሰው ሄጄ እገዛለሁ» አለችኝ። ሙሉ ብሩን ይዛ ነው የመጣችው፤ ልትለምንህ አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ፀጉሯን ተሠራች፤ ያቺን ሰማያዊ ሹራቧን አጥባ ተኮሰች። ሹካ ለመግዛት ፀጉር የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። ከእናትህ ለቅሶ ወዲህ አላየችህም እኮ ግዛቸው፤ ያኔ ልጅ ነበረች።

ከቡድን ጓደኛዋ ከታቢታ ጋር ሄዳ በማግስቱ ባዶ እጇን ተመለሰች። «አልቆበታል» አለችኝ። «ዶላር ጠፍቶ ዕቃ አልገባለትም። ምሳ ሊጋብዘን ነበር፤ ሥራ በዛበትና ተወው።» «ደህና ነው?» አልኳት። «ደህና ነው፣ ወፍሯል» አለች። ወፍሯል ስትል ደስ አለኝ፤ ለምን ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። አመንኳት። እኔም የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፣ ዕቃ እንደሚያልቅ አውቃለሁ።

ውድድሩ ታቦር ተራራ ላይ ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድን ከሴቶቹ ሁለት የሚመረጡበት። ዳገቱን ስትወጣ መሪ ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ ያ የደረቀ ሹካ ድንጋዩን ሁሉ ለክንዷ አስረከበው፤ እጇ ደነዘዘ፣ ፍሬን መያዝ አቃታት። ሦስተኛ ወጣች። ታቢታ ሁለተኛ። ሶልያና አቅፋ ስማ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት፤ እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ታቢታ በማግስቱ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። የቡሹሎ ልጅ ናት፣ የወንጌላዊ ልጅ፤ ውሸት አይሆንላትም። ገና ስትገባ ታለቅሳለች። «እትዬ ጸሐይ፣ ይሄ ቦታ የሶሊ ነው፤ ዝም ብዬ ብሄድ ጌታ አይወድልኝም» አለችኝና ሁሉንም ነገረችኝ።

«ሹካው ነበር፤ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሚስትዮዋ ሂሳብ ላይ ተቀምጣለች። ሶሊ ገብታ ጤና ይስጥልኝ ስትለው ቀና አለና አያት፤ ፊቱ ልውጥ አለ። እሷ ደግሞ ፈገግ ብላ ቆማ ነበር፤ በስሟ እስኪጠራት። ሲቆይባት ቶርቬል ሹካ ፈልገን ነበር አለችው። ‹አልቆብናል እህቴ› አላት። እኔ ‹ያው ተሰቅሎ!› ልል እጄን ሳነሳ ሶሊ ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እሺ አመሰግናለሁ ብላው ወጣን። ስንወጣ ሚስቱ ‹ያ የተሰቀለውስ?› ስትለው ሰማሁ። ‹እሱ ለሰው የተያዘ ነው› አላት።»

ለየትኛው ሰው ነው የተያዘው፣ ግዛቸው? አንተ ዘንድ ሰው የሚባለው ማነው?

እኔም በሥራዬ ዕቃ እያለ የለም ብያለሁ፤ አለቃ «ያዥው» ሲለኝ ያው እይዛለሁ። የመንግሥት ወረቀት ግን አባት ብሎ ፀጉሩን ተሠርቶ አይመጣም። ልጅህን እህቴ አልካት። ያን ዕለት አጠገብህ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ጠበቀህ።

ካርቶኑ ሲመጣ መጀመሪያ ያሰብኩት በዚያው ሾፌር ልመልስልህ ነበር። ተሸክሜው ወደ አውቶቡስ ተራ ልወጣ ስል ሶልያና ከልምምድ ገባች። ካርቶኑ ላይ የታተመውን የሱቅህን ጽሑፍ አየችው። ደግሞ እኔን አየችኝ፤ አተኩራ። ከዚያ «ዕቃ ገባለት ማለት ነዋ!» አለች። ታቢታ የነገረችኝን አታውቅም። እኔም «አዎ፣ ገብቶለት ነው የላከልሽ» አልኳት። በሕይወቴ ለአንተ ብዬ የዋሸሁት ይሄ የመጨረሻው ይሁንልኝ።

ወረቀቱን ሳትቀድ ቀስ ብላ ፈታችው። ጠጋኙ ወንድሙ ገጠመላት፤ አሁን ሳይክሉ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ከየት አገኘሽው?» ሲላት «አባቴ ላከልኝ» ትላለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ እሰማታለሁ።

የጻፍኩልህም ለዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ የሱቅህ ስልክ ታትሟል። ሰኞ ጠዋት ደውላ ልታመሰግንህ ነው። «ሚስቱ ብታነሳስ?» አልኳት። «ደንበኛ ነኝ እላታለኋ» ብላ ሳቀች። ዕቃው መቼ እንደገባም ትጠይቅሃለች፤ ነግራኛለች።

ስለዚህ ሰኞ ከስልኩ አትራቅ። ይቅርታ ልጠይቅ እንዳትል። ይቅርታ ካልካት እሷና እኔ እዚህ እርስ በርስ ተደባብቀን ያቆምነውን አባት ታፈርሰዋለህ። ሌላ ቀን፣ ወንድነት ሲኖርህ፣ እዚሁ መጥተህ ፊት ለፊት ትጠይቃታለህ። ለአሁኑ «ባለፈው ሳምንት ነው የገባው» በላት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ንግድህን ይባርክልህ፤ ስታረጅም ደጅህን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣህ።

የሶልያና እናት
ጸሐይወርቅ

ሾፌሩ እየጠበቀኝ ነው፤ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሚስትህ አጠገብህ ሆና ልጄ ማለት ካቃተህ ዝም ብለህ አዳምጣት። እህቴ ግን አትበላት።