ከማናንግ የደወልኩ ዕለት

ሳሮ፣ ሰላም ላንቺ፣ ታድዬ።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድም ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ደብዳቤ ምን ይሠራል ትይ ነበር። የጻፍኩት ሁሉ ለጋዜጣ ነው፤ አንቺም እንደ ሌላው ሰው ታትሞ ሲመጣ ታነቢው ነበር። ይህንንም ለጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ። በለቀስተኛ ፊት የተናገርኩትን ቃል መሻር ያለብኝ በሰው ፊት ስለሆነ ነው።

ከቤት ልጀምር። አንቺ ነቅለሽ ያዛወርሻቸው እንሰቶች አጥሩን አልፈዋል። አቮካዶው ዘንድሮ በጣም አፍርቷል፤ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ወደ እሷ ግቢ የሚወድቀው የእሷ ነው፣ ከታደለች ጋር ተስማምተናል እያለች ትሰበስበዋለች። እኔ ስለ ስምምነቱ ምንም አላውቅም፤ ግን ያንቺን ቃል አላፈርስም። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ባጃጆቹ ድሮ ጭቃ ይረጩብን ነበር፤ አሁን ጩኸት ነው። የሴቶች የጸሎት ኅብረትም ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት መሰብሰቡን አልተወም። ወንበር የምደረድረው እኔ ነኝ። ስደረድር ትዝ እንደምትይኝ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጋሼ ጎበዝ ሆነዋል ይሉኛል።

ልጃችን ማርታ አረካ ከተማ በመምህርነት ተቀጥራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ታበስላለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትመለሳለች። ምንም አላጎደለችብኝም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦባታል። የምትናገረው ሁሉ መጨረሻው ላይ መሐላ አለው። “ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት ነው የዘገየሁት፣ እውነቴን ነው” ትላለች። “አባዬ፣ ጨው አልቋል፣ እውነቴን ነው” ትላለች። ስለ ጨው ማን ይምላል? ሰው ሲሰማት ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ ከየት እንደመጣ አውቃለሁና።

ወደ ካትማንዱ የሄድኩት፣ እንደምታውቂው፣ ለሥልጠና ነበር፤ በተራራ አገር የሚደርስ የመሬት መንሸራተት እንዴት እንደሚዘገብ። ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ ቤት መመለስ እችል ነበር። አብሮኝ የሠለጠነ አንድ ኬንያዊ ግን አናፑርና የተባለውን ተራራ የሚዞረውን የእግር መንገድ ልሄድ ነው፣ ና እንሂድ አለኝ። ደወልኩልሽ። እግርሽ ከጊፋታ በዓል ጀምሮ ያብጥ እንደነበር አይቻለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን አንድ ቀን ውጠሽ ሌላ ቀን እንደምትተይ አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ እንዴት ነሽ ከማለቴ በፊት ልሂድ ወይ ነው ያልኩሽ።

ሳቅሽ። “ዳሞታን ሦስት ቦታ አርፎ የሚወጣ ሰው ሂማላያ ምን ሊሠራ ነው?” አልሽኝ። ቀጥለሽም “በል ሂድ የማርታ አባት። ስትመለስ ግን ወሬውን አሳጥረው” አልሽ። እኔ “ሂድ” የሚለውን ያዝኩ፤ ከእሱ በፊት የነበረውን የትንፋሽሽን ቁርጥ ቁርጥ ማለት ሰምቼ አለፍኩት።

የከተማችንን ተራራ፣ ዳሞታን፣ ያነሳሽው በምክንያት ነው። ሳንጋባ፣ ከወጣቶች ኅብረት ጋር ለጸሎት ስንወጣ፣ የውሃውን ጀሪካን ይዘሽ ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነበርሽ። እኔ ከኋላ ሆኜ ስለ ጋዜጠኝነት አወራልሽ ነበር። ዞር ብለሽ “ተራራ በአፍ አይወጣም” አልሽኝና ጀሪካኑን አሸከምሽኝ። ያንን ዳገት ወሬ ሳልጨምርበት የጨረስኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

የሂማላያው መንገድ ዙር ነው። ከወንዝ ዳር ይነሳል፣ ከመንደር መንደር እያለ ይወጣል፣ ቶሮንግ የሚባለውን ከፍተኛ የተራራ በር ተሻግሮ በሌላ ወገን ይወርዳል። መንደሮቹን ብታያቸው ትወጃቸው ነበር። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ማገዶ የተደረደረበት። ሴቶቹ ድንችና ፖም ያመርታሉ። በየመንገዱ ጸሎት የተቀረጸባቸው ረጃጅም የድንጋይ ካቦች አሉ፤ ያገሬው ሰው ካቡን በቀኙ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ጭነት የተሸከመ ሰው እንኳ መንገድ ለማሳጠር ብሎ በሌላው በኩል አይሄድም። እኔም እንደነሱ አደረግሁ። የሰው አገር ሥርዓት ማክበር ቀላል ነው።

የበርበሬ ዳጣሽ ከሻንጣዬ አልተለየም ነበር። ማታ ማታ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ይሰጡናል፣ እኔ ጠርሙሱን አወጣለሁ። ፒሳንግ በሚባል መንደር ያሳደሩን አሮጊት በጣታቸው ቀመሱ፣ ሳል ያዛቸው፣ እንባቸውን ጠረጉና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። በቋንቋ ባንግባባም ሚስቴ ናት የሠራችው ብዬ በምልክት አስረዳኋቸው። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። ማናንግ ስንደርስ የጠርሙሱን ቂጥ በድንች ጠርጌ ጨረስኩት። ሌላ ትሠራልኛለች ብዬ ነው።

ማናንግ ከበሩ በታች ያለው ትልቁ መንደር ነው። አየሩ ስለሚሳሳ መንገደኛ እዚያ አንድ ቀን አርፎ ሰውነቱን ያለማምዳል። በደረስን ምሽት ምድጃ ከበን ተቀምጠን መሪያችን ፓሳንግ የአባቱን ሞት አጫወተን። እንግዳ ይዞ ሽቅብ ሲወጣ አንድ ያገሩ ሰው ከታች ሮጦ ደርሶ፣ እዚያው መንገድ ላይ ነገረው። ድንጋይ ላይ ትንሽ ተቀመጠ፣ ሸክሙን ለሌላ ሰጠ፣ ወረደ።

እኔ ኮራሁ፣ ታድዬ። በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም አልኳቸው። ሰው አገር ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ይመጣል፣ ያርፋል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ግራና ቀኙን ይዘው ያረዱታል አልኩ። ኬንያዊው ሳቀና “እስከዚያ ሁላችሁም ትዋሹታላችሁ ማለት ነው?” አለኝ። “ውሸት አትበለው። እሱ እስኪደርስ ሌላው ይሸከምለታል” ብዬ መለስኩ። ጥሩ መልስ መሰለኝ፤ ለጽሑፌ ይሆናል ብዬም በልቤ ያዝኩት።

በማግስቱ በዕረፍቱ ቀን ደወልኩ። ያነሳችው ማርታ ናት።

“እማዬ የታለች?” አልኳት።

“ተኝታለች።”

በናንተ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ አልሞላም። አንቺ ወባ ይዞሽ እንኳ ቀን አትተኚም። ከማርታ ድምፅ ጀርባ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማኛል፤ ከዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሲላቀቁ። የእድራችንን ድንኳን ስንት ጊዜ አብሬ እንደተከልኩ ታውቂያለሽ። የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ለይቼ እንደማውቀው ሁሉ የብረቶቹን ድምፅ አውቀዋለሁ።

“ምንድን ነው የሚንኳኳው?” አልኩ።

“ጎረቤት አጥር እያሠሩ ነው።”

“እሺ። ስትነሳ ሰላም በያት።”

“እሺ አባዬ። ተጠንቀቅ።”

ጀማሪ ሪፖርተሮችን ሳሠለጥን የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው መልስ ለጠያቂው የተዘጋጀ ነው፣ እውነቱ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የትኛው ጎረቤት? እናትሽን ቀስቅሻት። ከእነዚህ አንዱን ብል ልጄ አትችልም ነበር፤ ታለቅስ ነበር። አላልኩም። አወቅሁ ልልሽ አልችልም፣ አላወቅሁም ልልሽም አልችልም። ልክ የሆነው አነጋገር ይህ ነው፤ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፣ ከጠየቅሁ ግን በሩን አልሻገርም፤ ስለዚህ ስልኩን ዘጋሁ።

አንቺ ያን ዕለት ጠዋት ነው ጓሮ ውስጥ የወደቅሽው። በማግስቱ ተቀበርሽ። እኔ በማግስቱ ሽቅብ ጀመርኩ። ሰው በድንኳኑ ተቀምጦ ስለ አንቺ ሲያወራ፣ እኔ በሩ አናት ላይ በነፋስ የሚርገበገቡ ባለ ቀለም የጸሎት ጨርቆች መካከል ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ወርጄ ኔትዎርክ ሳገኝ ፎቶውን ወደ አንቺ ስልክ ላክሁት፤ “ይህንንም ሦስት ቦታ አርፌ ወጣሁት” የሚል ጽፌበት። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። “ጎበዝ፣ የማርታ አባት” ይላል። ደስ አለኝ። ልቤ ውስጥ የነበረውን የብረት ድምፅ በዚያች መልስ ደፈንኩት።

ስመለስ ወንድምሽ ጋሽ ጴጥሮስ ሶዶ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ጉኑኖ ከተማ ትንሽ ጉዳይ አለ፣ እኔ ዘንድ ታድራለህ አለኝ። ምን ጉዳይ ነው አላልኩም። እሱን የሚያህል ሽማግሌ ዓይኑን እያሸሸ ሻንጣዬን ሲሸከምልኝ ተከተልኩት። ጎህ ሲቀድ መጡ፣ ግራና ቀኜን ያዙ፣ ነገሩኝ። ለኬንያዊው እንደነገርኩት፣ አንድም ሳይጎድል።

ሶዶ ቤታችን ስንደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ማርታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ልታቅፈኝ መጣች። እኔ ገፋኋት። “በሞተች እናትሽ ስም ጻፍሽልኝ? እንዴት ብለሽ ዋሸሽኝ?” አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ። ጋሽ ጴጥሮስ “ኧረ ተው፣ ያዘዝናት እኛ ነን፤ ልጅቷ ምን አጠፋች?” አለ። ማርታ ዞራ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ነው በጨው የምትምለው።

ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሁሉ ብትሰማም አትደርስም ነበር ይለኛል። ትክክል ነው፤ ከዚያ ተራራ በአንድ ቀን ቀብር ላይ መድረስ አይቻልም። እኔን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። ሌላው ይሸከምለታል ብዬ የኮራሁበትን ነገር የተሸከመችው ልጄ ናት፤ በእናቷ አስከሬን አጠገብ ቆማ ስለ አጥር አወራችልኝ። እኔ ስደርስ ሸክሙን መቀበል ሲገባኝ ጨመርኩባት። ዓመቱን ሙሉም፣ እውነቱን እያወቅሁ፣ ውሸታም እንደሆነች እንድታስብ ተውኳት። የእሷ ጥፋት ሲበዛ የእኔ ያነሰ ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ጊፋታ ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዳሞታን እንውጣ አልኳት። ተገርማ መጣች። ሁለተኛው ማረፊያችን ላይ፣ አንቺ ጀሪካኑን ያሸከምሽኝ ቦታ፣ ቁጭ አልን። ከተማው ከሥራችን ነው፤ የቤታችን ቆርቆሮ አዲሱ መንገድ ስላለ በቀላሉ ይለያል።

“ማርታ፣ ያን ቀን የድንኳኑን ብረት ሰምቻለሁ” አልኳት።

“የቱን ብረት?”

“አጥር ነው ያልሽኝን።”

ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረች። “ታውቅ ነበር?” አለችኝ።

“እንዳላውቅ ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ።”

ፊቷን ከእኔ አዞረች። ከዚያ ከተማውን እያየች ተናገረች። “እኔ ያቺን ጎበዝ የምትለዋን መልስ ስጽፍ ከእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጎቴ መልሺለት፣ እንዳይጠረጥር አለኝ። እሷ ምን ትለው ነበር ብዬ አሰብኩ። እንደ እሷ አድርጌ ጻፍኩት፣ አባዬ። እንዳትወድቅ ብዬ።” ተነሳች። “እኔ ልውረድ። አንተ ቀስ ብለህ ና፣ ጉልበትህን።” ተቆጥታም ስለ ጉልበቴ ታስባለች። ያንቺ ልጅ ናት።

ሁለት ቅዳሜ አልመጣችም። ስልክም አልደወለችም። አልወቀስኳትም፤ ለሐሙስ ወንበር ደረደርኩ፣ የእንሰቱን ሥር ኮተኮትኩ፣ እትዬ ወርቅነሽ ልጅቷ የታለች ስትለኝ እኔ አስቀይሜያት ነው አልኳት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ የግቢው ብረት በር ተከፈተ። ሰላም አለችኝና በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። ድስት ስታነሳ፣ ዕቃ ስትከፍት እሰማለሁ። ቆይታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራችኝ።

“አባዬ፣ ጨው አልቋል።”

ወንበር በእጄ ይዤ ቆምኩ። መሐላውን ጠበቅሁ። ድስቱን ከደነች፣ ቢላዋውን አነሳች፣ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ወንበሩን አስቀምጬ ጨው ልገዛ ወጣሁ።

ይህን ደብዳቤ ቀድማ አንብባዋለች። ይውጣ ብላለች፤ “ሽማግሌዎቹን ግን እንዳትወቅስ” አለችኝ። አልወቅስም። ወጉን የሠሩት ላዘነ ሰው ነው፣ እኔ ነኝ መደበቂያ ያደረግሁት።

በቶሮንግ በር ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አላጠፋሁትም፣ ታድዬ። አንቺ ካለሽበት ፎቶ ጎን ሰቅዬዋለሁ። አንቺን ባየሁ ቁጥር የእኔን ሳቅ እንዳይ፣ የእኔን ሳቅ ባየሁ ቁጥር የብረቱን ድምፅ እንድሰማ ነው። በሚመቸኝ መንገድ ብቻ አላስታውስሽም፤ ትንፋሽሽ ሲቆራረጥ የሰማሁትንም አስታውሳለሁ፣ ያልጠየቅሁትንም አስታውሳለሁ። ዳሞታን በየዓመቱ እወጣለሁ፤ ጀሪካኑን ከሥር ጀምሬ እኔው እይዛለሁ።

አልረሳሽም። እውነቴን ነው።